በጅማ የአንድ ሰፈር የጋራ ካሜራ፦ ከሦስት ስርቆቶች የተገኘ ትምህርት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በጅማ ከተማ የሚገኝ አንድ ሰፈር ነዋሪዎች በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በእድራቸው አማካይነት ገንዘብ አዋጥተው አራት የደህንነት ካሜራዎችን በጋራ አስተከሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት ውስጥ በሰፈሩ ሦስት ስርቆቶች ተፈጸሙ። በመጀመሪያው ስርቆት ካሜራዎቹ የቀረጹት ምስል ማንም ሳያየው ጠፋ፤ በሁለተኛው ምስሉ ቢገኝም ምንም ያላጠፋ ወጣት በሌብነት ተጠረጠረበት፤ በሦስተኛው ምስሉ በሥርዓት ለፖሊስ ደርሶ ከተሰረቀው ንብረት ከፊሉ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። በሦስቱም ጊዜ ካሜራዎቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ነዋሪው ምስሉን የሚይዝበት፣ የሚያይበትና የሚያስረክብበት መንገድ ነው። እኔ በወቅቱ ካሜራዎቹን የሚከታተለው ኮሚቴ ፀሐፊ ስለነበርኩ የሆነውን ከመዝገባችን ጋር እያመሳከርኩ ጽፌዋለሁ። የሰዎቹንም የሰፈሩንም ስም አልጠቅስም።

የሰፈሩ ሁኔታ

ሰፈራችን ወደ አዌቱ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ያረፈ ሲሆን ሠላሳ ስምንት አባወራዎች ይኖሩበታል። ሁለት መውጫዎች አሉት፤ የላይኛው ኮብልስቶን ተነጥፎበት ወደ አስፋልቱ ያወጣል፣ የታችኛው የእግር መንገድ ሆኖ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በየግቢው ጀርባ ባሉት ሰርቪስ ክፍሎች የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ተከራይተው ይኖራሉ። በዚህ የተነሳ በሌሊት የሚወጣና የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ አዲስ ፊት ማየትም ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚሰረቀው በአብዛኛው በቀላሉ ተነቅሎ የሚሸጥ ዕቃ ነበር፦ የውሃ ቆጣሪ፣ የመኪና ስፖኪዮ፣ የባጃጅ ባትሪ፣ በበረንዳ ያደረ ጆንያ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና)። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ሌባው ለምን ዝናብ እንደሚመርጥ አይጠፋውም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ እየተመላለሰ ይጥላል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን የአጥር በር መንቀጫቀጥ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩ ሰዎችም አይደማመጡም። አንድ የሌሊት ጠባቂ አለን፤ እሳቸውም ዝናቡ ሲበረታ ከመጠለያቸው መውጣት አይችሉም። ካሜራ የመግዛት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

አተካከሉና የመጀመሪያዎቹ ስህተቶች

ካሜራዎቹ ሁለት ሜጋፒክስል ጥራት ያላቸው፣ በሌሊት ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያዩ ናቸው። ከአራቱ ኬብል ተስቦ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ከተቀመጠው ዲቪአር፣ ማለትም ምስሉን ቀርጾ ከሚያስቀምጠው መሣሪያ ጋር ተገናኘ። ዲቪአሩ የአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው። የሸጠልን ሰው "አንድ ወር ይይዛል" ብሎን ስለነበር ቃሉን ሳንፈትሽ ተቀበልን።

ባለሙያው ካሜራዎቹ ራሳቸው እንዳይሰረቁ በማሰብ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ልክ ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የተቀረጸውን ስናይ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጃንጥላ ሆኖ አገኘነው። ጅማ ላይ ከጃንጥላ በላይ የተሰቀለ ካሜራ የማንንም ፊት አያይም። በኋላ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ ተደረጉና አቅጣጫቸው ሰው ከፊት ለፊት እንዲመጣባቸው ተስተካከለ።

ሦስተኛው ካሜራ ደግሞ የአንዲት እናትን ጓሮ ያሳይ ነበር። እትዬ ልብስ የሚያሰጡበትና ልጆቻቸውን የሚያጥቡበት ቦታ ነው። ለኮሚቴው መጥተው "ሌባውን ጠብቁልኝ እንጂ እኔን ጠብቁኝ አላልኩም" አሉን፤ ትክክል ነበሩ። ካሜራውን አዞርነው፤ አሁንም በምስሉ ጠርዝ ይገባ የነበረውን የአጥራቸውን ክፍል በዲቪአሩ ላይ በጥቁር ሸፈንነው። ይህ መሸፈኛ በአብዛኞቹ ዲቪአሮች ላይ የሚገኝ ሲሆን የተሸፈነው ቦታ ከመጀመሪያውኑ አይቀረጽም። ባለቤቲቱ ስክሪኑ ላይ ራሳቸው አይተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ግን ሥራው አልቋል አላልንም።

የመጀመሪያው ስርቆት፦ የሰዓት ጉዳይ

በሰኔ ወር አንድ ሰኞ ሌሊት ከአንድ ግቢ በር ላይ የባጃጅ ባትሪ ተሰረቀ። ባለቤቱ ውሻ ሲጮህ ሰምቶ ሰዓቱን አይቶ ነበርና "ሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው" አለን። ለኮሚቴው ያመለከተው ሐሙስ ነው። የዲቪአሩን የይለፍ ቃል የሚያውቁት መምህሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ለቅሶ ደርሰው ከከተማ ወጥተው ስለነበር የተመለሱት ቅዳሜ ማታ ነው።

ቅዳሜ ማታ ስድስት ሰዎች ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። የሰኞን ዕለት መርጠን ወደ 9፡00 ሄድን፤ ልጆች ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ አየን። "ሌሊት" ስለተባለ ወደ 21፡00 ሄድን፤ ሰው ገና እየገባ ነው፣ ባጃጁም ባትሪው እንዳለ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አይተን ምንም ስላላገኘን ካሜራው አልቀረጸም ብለን ተበታተንን።

ስህተቱን ያገኘችው በሚቀጥለው ሰኞ የመምህሩ ልጅ ናት። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት የምንለው በዲቪአሩ 3፡00 ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስልካችን ላይ በየቀኑ እናደርገዋለን። ያላሰብነው የቀኑን ነገር ነው። ለእኛ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሌሊቱ የሰኞ ሌሊት ነው፤ ለመሣሪያው ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ማክሰኞ ሆኗል። አባቶቻችን "ለማክሰኞ አጥቢያ" የሚሉት አነጋገር ይህንኑ በትክክል ይገልጸዋል፤ እኛ ግን ያን ዕለት ልብ አላልንም። ልጅቷ ማክሰኞ 3፡00ን ስትፈልግ በዲስኩ ላይ የቀረው ምስል የሚጀምረው ለረቡዕ አጥቢያ ከነበረው ሌሊት ሆነ። የምንፈልገው በላዩ ላይ ተቀርጾበት ጠፍቷል።

ሻጩ አንድ ወር ያለው ለምን ስድስት ቀን እንኳ እንዳልሞላ በኋላ አሰላነው። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት (ግማሽ ሜጋባይት) እንዲቀርጽ ተደርጎ ነበር። ይህ በቀን ለአንድ ካሜራ 43 ጊጋባይት ገደማ፣ ለአራቱ 173 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አንድ ቴራባይት ለዚህ ስድስት ቀን አይሞላም። ሰው ባይኖርም ሌት ተቀን እንዲቀርጽ ስለተተወ ባዶ መንገድ እየቀረጸ የሌባውን ምስል አጠፋብን።

ሁለተኛው ስርቆት፦ ነጩ ጃኬት

በነሐሴ ወር ከአንድ ቤት በረንዳ አንድ ጆንያ ጀንፈል ተወሰደ። በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አልተሳሳትንም። በሁለተኛው ካሜራ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጆንያ የተሸከመ፣ ነጭ ጃኬት የለበሰ ሰው ሲያልፍ ታየ። ፊቱ ወደ ታች ስላዘነበለ አይለይም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ካለ እንዲናገር ብሎ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስም ተገኘለት። በአንድ ግቢ ሰርቪስ ተከራይቶ የሚኖር፣ በዳቦ ቤት የሚሠራ ወጣት ነጣ ያለ ጃኬት ነበረው፤ በሌሊትም እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ዳቦ የሚጋገረው ሌሊት ነውና። ማንም ሄዶ አልጠየቀውም። አከራዩ ክፍሉን እንዲለቅ ነገሩት፤ ሱቅ ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ለሦስት ቀናት ከሥራ በቀር ከክፍሉ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጠባቂያችን ሄዶ "ጋሼ፣ እርስዎ በየሌሊቱ በር የሚከፍቱልኝ አይደሉም እንዴ? ለምን አንድ ቃል አይናገሩልኝም?" አላቸው። ጋሼ ይህን ይዘው ወደ እኛ መጡ።

ያኔ ነው ሌሎቹን ሦስት ካሜራዎች የከፈትናቸው። አራተኛው ካሜራ ወጣቱ በታችኛው መውጫ በኩል ባዶ እጁን ሲወጣ ያሳያል፤ ጋሼ በሩን ሲከፍቱለትም ይታያሉ። ይህ የሆነው ጆንያው በላይኛው መንገድ ከማለፉ ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ በአንድ ዲቪአር ላይ ስለሚቀርጹ ሰዓታቸው አንድ ነው። የዳቦ ቤቱ ሰዎችም በሰዓቱ ገብቶ ሊጥ ላይ እንደነበረ መሰከሩ። ንጽሕናውን የሚያሳየው ምስል ሦስቱን ቀናት ሙሉ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ካሜራ አይተን ፈረድን። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካደረግነው ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ለእኔም እስከ አሁን የሚከብደኝ እሱ ነው።

ስለ ጃኬቱም ሌላ ነገር ተረዳን። አንድ ማታ ጋሼ ጥቁር የዝናብ ጃኬታቸውን ለብሰው በሁለተኛው ካሜራ ፊት እንዲቆሙ ጠየቅናቸው። በስክሪኑ ላይ ጃኬቱ አመድማ ነጭ ሆኖ ታየ። በሌሊት ካሜራው በኢንፍራሬድ ሲያይ ቀለም የለም፤ ሁሉም በጥቁርና ነጭ ነው፤ ብዙ ሰው ሠራሽ ጨርቆች ደግሞ በዓይናችን ጥቁር ቢሆኑም ያንን ብርሃን አጥብቀው ስለሚመልሱ ነጭ መስለው ይወጣሉ። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ያለፈው ሰው ነጭ ጃኬት ለብሷል ማለት አንችልም ነበር። አንድን ሰው በሌሊት ምስል የልብስ ቀለም መጠርጠር መሠረት የለውም።

ሽማግሌዎች ተሰይመው ነገሩን አዩት። ፎቶውን የለቀቀው ሰውና አከራዩ በእድር ስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ፊት ወጣቱን ይቅርታ ጠየቁ፤ ክፍሉም ተመለሰለት። ፎቶው ከግሩፑ ጠፋ። ወደ ሌሎች የተላለፈውን ግን ማን ዘንድ እንደደረሰ እንኳ ማወቅ አልቻልንም። ጀንፈሉም አልተገኘም።

በዚህ ምክንያት ሕጉን ለማንበብ ተገደድን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያረጋግጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ እንደ ፍትሕ አስተዳደር ያሉ ምክንያቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰዎች የሚሰበሰብ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል። ምስልን ለፖሊስ መስጠትና በቴሌግራም መበተን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመስከረም 2017 ዓ.ም. እድሩ አንድ ገጽ ደንብ አጸደቀ። የይለፍ ቃሉ ሦስት ሰዎች ዘንድ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከነዚህም አንዷ ሴት፣ አንዱ የተከራዮች ተወካይ ናቸው። ምስል የሚታየው ቢያንስ ሁለቱ ባሉበት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ማን አየ፣ የትኛውን ካሜራ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለምን የሚለው በደብተር ተጽፎ ይፈረማል። ስክሪኑን በስልክ ማንሳት ተከለከለ። የተከራዮች ተወካይ የተጨመረው ከወጣቱ ጉዳይ የተነሳ ነው፤ መዋጮ የከፈሉት ባለቤቶች ብቻ ቢሆኑም በካሜራው የሚታየው ሁሉም ነው።

ማንኛውም ስርቆት የደረሰበት ሰው በታወቀ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲያመለክት፣ ኮሚቴውም በሁለት ቀን ውስጥ ምስሉን በፍላሽ ገልብጦ እንዲያስቀምጥ ተደነገገ። የማመልከቻው ቅጽ ሰዓቱን የሚጠይቀው በሁለት መስመር ነው፦ "በእኛ ሰዓት" እና "በመሣሪያው ሰዓትና ቀን"። ሁለተኛውን የሚሞላው የኮሚቴው ሰው ነው። ይህቺ አንዲት መስመር ካወጣናት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ጠቅማናለች።

ዲቪአሩ ሌሊት ሙሉውን፣ ቀን ግን እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ተደረገ፤ የአቀራረጹም መጠን ወደ 2 ሜጋቢት ወረደ። ጥራቱ በጥቂቱ ቢቀንስም ምስሉ አሁን ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም አነስተኛ ዩፒኤስ ተገዛ። በሁለቱም መውጫዎች "ይህ መንገድ በካሜራ ይቀረጻል" የሚል ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተሰቀለ። ጠባቂው በየአሥራ አምስት ቀኑ በረጅም እንጨት ላይ በተጠቀለለ ለስላሳ ጨርቅ የካሜራዎቹን ፊት ይጠርጋሉ፤ የኢንፍራሬዱ ብርሃን ትንኝ ይስባል፣ ትንኙ ሸረሪት ይስባል፣ የሸረሪቱም ድር በሌሊት እንደ ነጭ መጋረጃ ሆኖ ምስሉን ይጋርደዋል።

ሦስተኛው ስርቆት

በጥቅምት ወር በአንድ ሌሊት የሦስት ቤቶች የውሃ ቆጣሪ ተነቅሎ ተወሰደ። ቧንቧው ክፍት ስለቀረ ውሃው ኮብልስቶኑ ላይ ሲፈስ ያደረ ሲሆን ነዋሪው ሊነጋጋ ሲል አወቀ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማመልከቻው ተሞላ፤ ከምሳ በፊት የአራቱም ካሜራ ምስል ታየ።

የማንም ፊት አልታየም። የታየው አንዲት ባጃጅ መብራቷን አጥፍታ በላይኛው መንገድ ስትገባና ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ስትወጣ ነው። ታርጋዋ አይነበብም። ከኋላዋ ያለው ሸራ ግን በቀኝ በኩል ከታች በኩል በእራፊ ተጥፏል፤ እራፊው ከሌላው ሸራ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። በሁለት ካሜራዎች ላይ በተለያየ አቅጣጫ ስለታየ የብርሃን ነጸብራቅ እንዳልሆነ አረጋገጥን።

ለማንም አልተነገረም። ኮሚቴው ፖሊስ ዘንድ በጽሑፍ አመለከተ። መርማሪው ደብዳቤ ይዞ መጥቶ እሱ ባለበት ምስሉ ከዲቪአሩ በቀጥታ በሁለት ፍላሽ ተገለበጠ፤ አንዱን ወሰደ፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ ከፊርማ ጋር እኛ ዘንድ ቀረ። ከመገልበጡ በፊት መርማሪው የስልኩን ሰዓት ከዲቪአሩ ሰዓት ጋር አመሳከረ፤ ዲቪአሩ በ17 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ይህም በርክክብ ሰነዱ ላይ ሰፈረ። ይህ ባይጻፍ ኖሮ በኋላ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ ቢል የእኛ ምስል ዋጋ ባጣ ነበር። ባጃጇ በተጣፈው ሸራዋ ተለይታ ተገኘች፤ ከሦስቱ ቆጣሪዎች ሁለቱ አሮጌ ብረት ከሚገዛ ሰው ዘንድ ተገኝተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ስለሆነ አልገባበትም።

ያልሠራው

ካሜራዎቹ ስርቆትን ከሰፈሩ አላጠፉትም። ጎረቤታችን የሆነውና ካሜራ የሌለው መንደር በዚያ ዓመት የበለጠ እንደተቸገረ ነዋሪዎቹ ነግረውናል፤ ከእኛ ተገፍቶ ሄዶባቸው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። የታርጋ ቁጥር ማንበብም በሌሊት አልተሳካልንም። የፊት መብራት በርቶ ሲመጣ ምስሉ ይነጣል፤ ለዚህ የሚሆን ካሜራ ዓይነቱ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ከአቅማችን በላይ ነው። ምስሉን ሌት ተቀን በቀጥታ የሚከታተል ሰው የለንም፣ ሊኖረንም አይችልም፤ ስለዚህ ካሜራው እየተፈጸመ ያለን ስርቆት አያስቆምም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጠባቂያችንን ደመወዝ ቀንሰን ለካሜራው ጥገና እናውል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እንዳልተቀበልነው ደስ ይለኛል፤ የወጣቱን ነገር ወደ እኛ ያመጡት ጋሼ ናቸው፣ በሩንም ከፍተው ያዩት እሳቸው ናቸው።

ለሌሎች ሰፈሮች

ካሜራ ለመትከል የሚያስብ ሰፈር ከመግዛቱ በፊት ማን ያያል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ለማን ይሰጣል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልስ። የሻጭን ቃል አይቀበል፤ የካሜራዎቹን ብዛትና እያንዳንዱ የሚቀርጽበትን ሜጋቢት ይዞ ቀኑን ራሱ ያስላ፤ ከተተከለ በኋላም የዛሬ ሳምንት የነበረን አንድ ሰዓት ፈልጎ በማግኘት ይፈትሽ። በየወሩ የስልክን ሰዓት ከመሣሪያው ጋር ማመሳከርና ልዩነቱን መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከተከላው በፊት በካሜራው ፊት ያሉ ግቢዎች ባለቤቶች ስክሪኑን ይዩ፤ በተለይ እናቶች። ምስል ሲታይ በአንድ ካሜራ አይወሰን፤ በሌሊት ምስል ላይም ከልብስ ቀለም ይልቅ ቅርጽን፣ አካሄድን፣ እራፊንና ስብራትን መፈለግ ይሻላል። የተጠረጠረ ሰው ካለ ስሙ የሚነገረው ለፖሊስ ነው።

ሦስተኛው ካሜራ አሁንም አከራካሪ ነው። ከእትዬ ጓሮ ስናዞረው የታችኛው መንገድ አንድ ጥግ ከእይታ ውጭ ቀርቷል፤ ከሦስተኛው ስርቆት በኋላም ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለስ ያሉ አሉ። በኅዳሩ ስብሰባ የተወሰነው ካሜራው ባለበት እንዲቆይና ለዚያ ጥግ በአጥሩ ላይ አንድ አምፖል እንዲገጠም ነው። የመብራቱን ወጪ በየወሩ እድሩ ይከፍላል።